ራህማ አልበላም ያለች ጊዜ

ከአሶሳ ልንወጣ ዋዜማው ማታ፣ የአራት ዓመቷ ልጄ ራህማ ከእህቴ ልጆች ጋር አንድ ትሪ ከብባ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ስትበላ «ብዪ» ያላት ሰው አልነበረም። እንዲያውም «ለሌሎቹም ተዪላቸው» ነበር የምንላት። ባሌ ቀድሞን ጀርመን ስለገባ እኛ በአውሮፕላን ነው የሄድነው፤ በረሃ ካቋረጡት ወገኖቼ ጋር መከራዬን አላወዳድርም። የኔ ጣጣ የጀመረው ገበታ ላይ ነው።

እዚህ ሰው ሁሉ በየሰሃኑ ነው የሚበላው። እኔም የአገሩን ደንብ ላክብር ብዬ ከፍ ያለ የልጅ ወንበር ገዛሁላት፣ ሹካ አስያዝኳትና አጠገቧ ቆሜ እለምናት ጀመር። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአላህ!» እሷ አፏን ግጥም። እኔ የምበላው እሷ ከተኛች በኋላ ነው፣ ያውም ወጥ ቤት ቆሜ። ጦሟን ከምታድር ብዬ ብስኩት እሰጣታለሁ። አሶሳ ማንጎ ከዛፉ ሥር ወድቆ እየረገጥነው እንሄድ ነበር፤ እዚህ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል፣ ጣዕም ግን የለውም። እናቴ ስትደውል «ራህማ በላች?» ትላለች። «ጥርግ አድርጋ!» እላለሁ። ውሸቴን ነው።

ከወራት በኋላ ሐኪሟ የልጅቷ ደም ማነሱን ነገረችኝ። ክው አልኩ፤ ምግብ እምቢ ብላ በብስኩት እንደምትውል ነገርኳት።

«ከማን ጋር ነው የምትበላው?»

«ብቻዋን። በእናንተ አገር እንዲህ አይደል እንዴ?»

«ማን ነግሮሽ ነው? እኔ ቤት አምስት ሆነን ነው የምንበላው።»

«ሰሃኑስ?»

«ሰሃን ሕግ አይደለም። ምን እንደሚቀርብ አንቺ ወስኚ፤ ምን ያህል እንደምትበላ ለእሷ ተዪላት። ብስኩቱን ግን ቀንሺ።»

መድኃኒት አዘዘችልንና ምንም ቅጽ ሳታስሞላ ሸኘችን፤ ጀርመን አገር ይህ ተአምር ነው።

ወንበሩን ጓዳ ከተትኩት። ባሌን ወደ ማታ ሥራው ሳይወጣ ምንጣፉ ላይ አስቀምጬ፣ ገንፎ በባሚያ በአንድ ትሪ አቀረብኩ። «ብዪ» ላለማለት ምላሴን ነከስኩ። የመጀመሪያው ቀን «ብስኩት!» ብላ አለቀሰች፤ ግን አልሰጠኋትም። በአራተኛው ቀን ጣቷን ነከረች። ሳምንት ሳይሞላ የአባቷን እጅ «ይሄ በኔ በኩል ነው!» ብላ ገፋችው። ሳቅኩ፣ አለቀስኩም።

ዛሬ እየበላን እናቴ ደወለች። የዋሸኋትን ሁሉ ነገርኳት። ተቆጣችኝ፣ ከዚያ «ልጅቷን አገናኚኝ» አለች። ራህማ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀች።

«አያቴ፣ ነይ ብዪ!»

«እሺ፣ እጄን ታጥቤ መጣሁ» አለቻት እናቴ።

ራህማ እጇን ከትሪው አንስታ መጠበቅ ጀመረች።