ከፏፏቴው በላይ የቀረው ቀፎ

ባለፈው ሳምንት ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጬ ዝናቡ እስኪያባራ እጠብቅ ነበር። ባጃጆቹ ጭቃ እየረጩ ይተራመሳሉ። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ተከፍቷል፤ ልብ ብሎ የሚያየው ግን አልነበረም። ድንገት የአንዲት የደሴት አገር ማስተዋወቂያ መጣ። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ የአበባ ጉንጉን ያጠለቀች ልጅ፤ ከዚያ ከጥቅጥቅ ጫካ መሃል የሚወርድ ፏፏቴ።

«ገነት ማለት ይቺ ናት!» አለ አጠገቤ ከተቀመጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዱ። አነጋገሩ የሰሜን ልጅ መሆኑን ይናገራል። «አንድ ቀን ሄጄ እዚያ ፏፏቴ ሥር ካልዋኘሁ!»

«ለእሱስ አውሮፕላን አያስፈልግህም» አልኩት። «ከሺሺንዳ መንገድ ታጥፈህ ትንሽ በእግርህ ብትሄድ ትደርስበታለህ። ውሃው የእኛ ነው።»

ተሳሳቁ። «ጋሼ፣ ባሕሩም የእኛ ነው እንዳይሉን ብቻ!»

አልተቆጣሁም። በማውቀው ነገር ሰው ሲስቅብኝ ደስ ይለኛል፤ ኋላ ዝም ሲል ማየት ይጣፍጣልና። ሻይዬን አስቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። እኔ ሃያዎቹን ያልጨረስኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ከአራተኛ ክፍል በላይ የትምህርት ቤት ወንበር አልነካሁም፤ እንግሊዝኛን ግን በአጭር ሞገድ ሬዲዮና ሽፋኑ በተገነጠለ መዝገበ ቃላት ራሴን አስተምሬ ነበር። አስተማሪውም እኔ፣ ተማሪውም እኔ፤ ስሰንፍ የምገርፈውም ራሴን ነው። ከሌላ ክፍለ አገር ተመድበው የመጡ መምህራን ቃል ሲጠፋባቸው ሹክ ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ትንሽ ጉራ ቢኖርበትም ደግሞ ሠርቼ ያገኘሁት ጉራ ነው።

የእናቴ ወንድም አቶ አዳሎ ያ ፏፏቴ ያለበት ጫካ ከአባታቸው ደርሷቸዋል። በእኛ አገር ጫካ አጥር የለውም፤ አጥሩ ቀፎ ነው። ለአንድ ሰው የደረሰውን የጫካ ድርሻ ኮቦ እንለዋለን። ባለቤቱ ከግንድ የተቦረቦረ ቀፎ ከዛፉ ላይ ሰቅሎ ያቆየዋል፤ አላፊ አግዳሚው ቀና ይልና «ይህስ ባለቤት አለው» ብሎ ያልፋል። ቀፎው የወረደበት ኮቦ በሩ እንደተከፈተ ቤት ነው። ዛሬ አንዱ ጎራ ይልበታል፣ ነገ ሌላው «ማን አለበት?» ይላል። በዚያን ጊዜ ደግሞ ኢንቨስተር የሚባል ቃል ወደ አገራችን ገና መግባቱ ነበር። ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ባይኖርም፣ ባዶ መሬት እንደሚወድ ሁሉም ሰምቷል።

ሚያዝያ ነበር። የገተማው ዛፍ አብቦ ንቡ ነጩን ማር የሚሠራበት ጊዜ ነው። መንገዱ በመጀመሪያው ዝናብ ላልቶ ጎማ ይይዛል። አንዲት ጂፕ እስከ ጣሪያዋ ጭቃ ለብሳ መጣች። ሰዎቹን ከአዲስ አበባ ያመጣቸው ሰለሞን የሚባል አስጎብኚ ነው፤ በዚያ ወበቅ የቆዳ ጃኬቱን የማያወልቅ፣ ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው። አለቃቸው ሊና የምትባል ቀጠን ያለች ሴት ናት። በባሕር ከተከበበች ትንሽ አገር እንደመጡና ፏፏቴውን ፊልም እንደሚያነሱ ተነገረን። ሰለሞን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ እኔ ደግሞ ከአማርኛ ወደ አገራችን ቋንቋ ወደ ካፊኖኖ እንዳስተረጉም ተጠራሁ። እንግሊዝኛ ማወቄን የነገራቸው የለም። እኔም አንድ ጥሩ አጋጣሚ ጠብቄ ላስደነግጣቸው አስቤ ነበር።

አጎቴ ቤት ቆጮ በነጭ ማር ቀረበ፣ ቡናም ተቀዳ። ካፋ የመጣ ፈረንጅ ሁሉ ሲኒው ከንፈሩን ሳይነካው ስለ ቡና ይጠይቃል። የት በቀለ፣ ማን አገኘው፣ ጫካው የት ነው። ሊና ጠጣች፣ አመሰገነች፣ ከዚያ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከፏፏቴው ሥር አለ የተባለው ቡና ምስሉ ውስጥ እንዳይገባ ማድረግ ይቻላል ወይ? ያኔ ጆሮዬ ቆመ። ቡናን የሚደብቅ እንግዳ አይቼ አላውቅም።

ከቤት ስንወጣ ደግሞ የአጎቴን እንሰት ዞር ዞር ብላ አየችና ለካሜራ ሠራተኛው በእንግሊዝኛ «ከሩቅ ሙዝ ይመስላል፤ በጣም ጥሩ ነው» አለችው። እንሰት ሙዝ ቢመስል ጥሩነቱ ለማን ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ተረቱ ለጫካ ባለቤት የተባለ ይመስለኛል።

ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ወጣ። ሊና በግራና በቀኝ ዛፎቹ ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎች በጣቷ እያሳየች ተናገረች። ሰለሞን «እነዚህ በሙሉ መውረድ አለባቸው» ብሎ ተረጎመ።

«ለምን?» አሉ አጎቴ በአማርኛ። አማርኛ ይሰማሉ፤ የሚናገሩት ግን ሲናደዱ ብቻ ነው።

«ለምስሉ ጥራት ነው፣ አባባ። ነገ ተመልሰው ይሰቀላሉ።»

«ንብ ወታደር ነው እንዴ፣ ውረድ ሲሉት ወርዶ ተሰቀል ሲሉት የሚሰቀል?»

ሰለሞን ብቻውን ሳቀ። አጎቴ ክንዴን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝና በካፊኖኖ ጀመሩ።

«ቀፎ የሌለበት ጫካዬን በፊልም ይዘው ለማን ሊያሳዩ ነው? ‹እዩት፣ ሰው የለበትም፣ ውሰዱት› ሊሉ አይደለም?»

«እኔም ይህንኑ ጠርጥሬያለሁ።»

«መጠርጠርማ ዶሮም ትጠረጥራለች! ከዚያ ሬዲዮ ጋር ተፋጠህ ያደርክበት እንግሊዝኛ ዛሬ ካልጠቀመ መቼ ሊጠቅም ነው? ማወቅህን እንዳታሳይ። ቀፎዬ መሬት ሳይነካ እውነቱን አምጣልኝ።»

አፌን ለጎምኩ። በዕድሜዬ ከቻልኳቸው ነገሮች ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። በማግስቱ የካሜራውን እግር ተሸክሜ እየተከተልኳቸው፣ በፍጥነት ሲያወሩ አፌን ከፍቼ ውሃውን አያለሁ። ሰለሞን በእንግሊዝኛ «ይሄ ሰውዬ ‹የስ› እና ‹ኖ› እንኳ የሚለይ አይመስለኝም» ሲል ሰማሁት። እንደ እሾህ ወጋኝ። ዋጥ አደረግኩት።

ረፋዱ ላይ ሊና ለካሜራ ሠራተኛው እንዲህ አለችው፦ «አንድ ቀፎ ከታየ አለቀልን። እኛ አገር ዛፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ሕፃን ያውቃል። ‹ይህ የእኛ ፏፏቴ አይደለም› ይሉናል።»

የአጎቴን አደራ ረሳሁ። የካሜራውን እግር መሬት ላይ አቆምኩና ጥርት ባለ እንግሊዝኛ «እመቤቴ፣ የማንን ፏፏቴ ነው የእኛ የምትይው?» አልኳት።

ሰለሞን ለመጀመሪያ ጊዜ የቆዳ ጃኬቱን አወለቀ። ሊና ግን አልካደችም። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ነገረችኝ።

«ድሮ የውጭ ፊልም ሠሪዎች ወደ እኛ ይመጡ ነበር። ፏፏቴያችንን አሳዩት፤ ፊልሙን ያየ ሁሉ ሊጎበኝ መጣ። ለመጣው ሰው ሆቴል ልንሠራ ዳገቱን መነጠርነው። ከዚያ ከባሕር አውሎ ነፋስ ተነሣ፤ የቀሩትን ዛፎች ነቃቅሎ ጣላቸው። አሁን ፏፏቴው ክረምት ከበጋ ድንጋይ ነው። ፊልም ሠሪውም ጎብኚውም ቀረ። እናቴ አልጋ ታነጥፍበት የነበረው ሆቴል ተዘግቷል። አንድ የሚያምር ፊልም ብናሳይ ይመለሱ ይሆናል ብለን ነው።»

ለአጎቴ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። በእጃቸው የያዟትን የኮሮሪማ ፍሬ እያገላበጡ ሰሙኝ።

«ጠይቅልኝ» አሉ። «ፊልሙን አይተው የመጡት እንግዶች ‹ፏፏቴው የታለ?› ሲሏት ምን ልታሳያቸው ነው?»

ሊና ከተቀመጠችበት ድንጋይ ተነሣች። «ባሕሩን» አለች ቀስ ብላ።

«ባሕሩን አልመነጠሩትም ማለት ነው» አሉ አጎቴ።

እኔ ያለችውን ግማሹን አመንኩ። ሌላውን ግማሽ እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። ለእናቷ ያሰበች ሴት ብትሆንም፣ ምስሉን ወደፊት ለባዶ መሬት ፈላጊ እንደማትሰጥ በምን አውቃለሁ? አጎቴም ቢሆኑ አዘኑላት እንጂ አላመኗት። «ውሃው መልኩን ቢሰጣት አይጎድልበትም፤ ታንሳው» አሉ። «ቀፎዬ ግን አይወርድም።»

ሰለሞን ሊከራከር ሲነሣ ሊና እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችው። ቀፎዎቹ ባሉበት በቅጠል ቢሸፈኑስ? አለች። አጎቴ ተስማሙ፤ ሰው ግን አላስነኩም። እኚያ ሽማግሌ ሰው በሐረግ ገመድ እንደ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ እየወጡ ለንቡ መግቢያ እየተዉ ቀፎዎቹን ቅጠልና ከግንድ የሚንጠለጠለውን የዛፍ ሽበት አለበሷቸው። ሲወርዱ ላባቸውን ጠረጉና «ሁሉም ለብሷል» አሉ።

ቀና አልኩ። ከፏፏቴው በላይ፣ ከሁሉ በረዘመው ገተማ ላይ አንዱ ራቁቱን ተሰቅሏል። አባታቸው መጀመሪያ የሰቀሉበት ዛፍ ነው። አፌን ልከፍት ስል አጎቴ በዓይናቸው ያዙኝ። ሊና በካሜራው አጮልቃ ወደ ላይ ረዘም አድርጋ አየች። ከዚያ «ጀምሩ» አለች። አይታው ይሁን ሳታየው ሳላውቅ ይኸው አረጀሁ።

ከዓመታት በኋላ ባዶ ጫካ የሚፈልጉ ሰዎች እውነትም መጡ። ከአጎቴ ኮቦ ጫፍ ላይ ቆመው፣ ቀና ብለው ቀፎዎቹን አዩና ተመለሱ። ከወንዙ ማዶ ግን ባለቤቱ ከተማ ገብቶ ቀፎው በስብሶ የወደቀበት ጫካ ነበረ። ዛሬ ዛፍ የለበትም።

ታሪኬን ስጨርስ ያ ማስተዋወቂያ እንደገና መጣ። የፏፏቴው ክፍል ቀለሙ የደበዘዘ የድሮ ምስል ነው፤ ከእኛ የተሻለ ፏፏቴ እስከ ዛሬ አላገኙም ማለት ነው። ተነሥቼ የከዘራዬን ጫፍ ከቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ አሳረፍኩ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ግንድ ናት፣ ጋሼ» አለ የሰሜኑ ልጅ።

አስተናጋጇ ከዚያው ከካፋ፣ የዋጫ ልጅ ናት። ብርጭቆ እንደያዘች ጠጋ ብላ አየች። «ምን ግንድ ትላለህ! አባቴ ስንቱን ሲሰቅል አይቼ? ቀፎ ነው እንጂ!»

እንዳልኩት ዝም አሉ፤ እንዳልኩትም ጣፈጠኝ። ጣፋጩ ግን ብዙ አልቆየም። ከተማሪዎቹ አንዷ «እኛም እኮ አለን» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ጎብኚ ለመሳብ የከተማችን ወጣቶች በበራሪ ካሜራ ያነሱት ፊልም ነው። ፏፏቴው ከነሙሉ ግርማው ወረደ። ዳገቱ ላይ ሆቴል ሊሠራ ነው እያሉ ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። መነጽሬን አደረግኩና ምስሉን አስቁሚልኝ አልኳት። ረጅሙ ገተማ አለ። ቀፎው የለም።

አጎቴ ካረፉ ቆይተዋል፤ ወራሾቻቸውም የሚኖሩት ከተማ ነው። ቀፎው ወርዶ ይሁን በቅጠል ለብሶ በስልክ መስተዋት አይታወቅም። ልጅቱ «ያምራል አይደል፣ ጋሼ?» አለችኝ። «ያምራል» አልኳት። የእነ ሊናም ፏፏቴ እኮ ያምር ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ከዘራዬን አነሣሁና የሺሺንዳ ሚኒባስ የሚቆምበትን ጠየቅሁ።