አሥራ ስድስት ፍሬ ሰሊጥ

ያሰሩን የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነበር። ከገበያ ስመለስ ከሚኒባስ አውርደው፣ «ወንድምሽ ጫካ ገብቷል» ብለው ገንዳ ውሃ ወሰዱኝ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው፤ ቀጥሎ የላብና የሰሊጥ ሽታ። ሃያ ሴቶች ነበርን። መስኮት የለም።

አጠገቤ የተቀመጠችው የኬሚስትሪ መምህርት ነበረች። ከስድስተኛ ክፍል ማቋረጤን ስነግራት ከወለሉ ስንጥቅ ሰሊጥ መልቀም ጀመረች።

«ይችን የታፈንንባትን ትንፋሽ ላሳይሽ» አለችኝ። በከሰል ስባሪ ወለሉ ላይ ካርበንን፣ ግራና ቀኙ ኦክስጅንን ጻፈች። «ፍሬውን ኤሌክትሮን በይው፤ አሥራ ስድስት ነው፤ አይጨመርም። እያንዳንዱ ዙሪያውን ስምንት ይፈልጋል። መካከል ያለው ለሁለቱም ይቆጠራል።»

በየመካከሉ ሁለት ሁለት አኖርሁ፤ የቀረውን ለኦክስጅኖቹ አደልሁ። እነሱ ሞላላቸው። ካርበን አራት ብቻ ደረሰው።

«እትዬ፣ ፍሬው አለቀብኝ።»

«ከጠገቡት ወስደሽ መካከል አድርጊዋ!»

ከየኦክስጅኑ ሁለት ሁለት ፍሬ ወደ መካከል አስጠጋሁ። ሁሉም ስምንት ሆነ፤ ማንም አልጎደለበትም። እሷም ለጥንድ ፍሬ አንድ መስመር እያለች በየጎኑ ሁለት ሁለት አሰመረች። አንድ መስመር አለመብቃቱ የሚታወቀው ሲቆጠር ነው።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው የወለሉን ሥዕል የገለበጠበትን ወረቀት ፊቴ ዘረጋ።

«ግራው ሱዳን፣ ቀኙ መተማ፣ መካከሉ የጫካ ሰዎች ኬላ። መምህርቷ ናት የሣለችው ብለሽ ፈርሚና ቤትሽ ግቢ።»

«ትንፋሽ ነው፣ ጌታዬ።»

«እኔ ባለ ዲግሪ ነኝ! አንቺ ሰሊጥ አራሚ ልታስተምሪኝ?»

ወትሮ ሰው ቀና ብዬ አላይም። ያን ቀን ወረቀቱን አየሁና እሱንም አየሁት። ባለ ዲግሪው ሁለት ሁለቱን መስመር አንድ አንድ አድርጎ ገልብጧል። ንቀቴ ከፍርሃቴ በለጠ።

እስክርቢቶውን ተቀበልሁ። የፊርማውን ቦታ ትቼ በየጎኑ አንድ አንድ መስመር ጨመርሁበት።

«ምን አደረግሽ?»

«ጎድሎ ነበር። ሲገለብጡ አልቆጠሩትም።»

በጥፊ መታኝ። መምህርቷ ምስክር ታጥቶባት ከእኔ ቀድማ ወጣች። እኔ ክረምቱን እዚያው ከረምሁ።

ዛሬ ሰሊጥ ሳበጥር አንዳንዴ አሥራ ስድስት ፍሬ መዳፌ ላይ አስቀራለሁ። መርማሪው ተሹሟል አሉ። ይሾም። እነዚህን ፍሬዎች ቢሰጡት ካርበኑን ዛሬም ያስርበዋል።