በስቱኮ የተደፈነው ሻንሲ

ጉደታ የማይጸየፈው ነገር የለም። ሻይ ቤት ገብቶ ብርጭቆውን ሳያሸት አይጠጣም፤ ሰው ከጨበጠው እጁን ቱታው ላይ ጠረግ ያደርጋል፤ የሌላ ባትላሜራ ሥራ ካየ ደግሞ የሞተ አይጥ እንደረገጠ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ከላምበረት ወደ የካ ኮረብታ በሚያወጣው መንገድ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ባለው ጋራዥ ውስጥ የተጎዳ መኪና መቁረጥ፣ መበየድና ማቃናት ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን "ይኼስ ደህና ሥራ ነው" ሲል የሰማው ሰው የለም። ከሱ በፊት መኪናውን የነካ ሁሉ ወይ ሰነፍ ነው፣ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ዓይኑ አያይም። ደንበኞቹ ግን ይኼንኑ ይወዱለታል፤ እንዲህ የሚጸየፍ ሰው የራሱን ሥራ አያበላሽም ብለው ያምናሉ።

የአሳየች ፒካፕ ተጎትታ የገባች ቀን ግን የጉደታ መጸየፍ ልክ አጣ። አሳየች ከቢራ ፋብሪካ አተላ እያስጫነች ኮረብታው ላይ ላም ለሚያረቡ ሰዎች የምታከፋፍል ነጋዴ ናት። አተላው ከየበርሜሉ አፍ እየተንጠባጠበ፣ ከጭነቱ ሥር ያለው ብረት ላይ እየደረቀ፣ እየሻገተ፣ በሻገተው ላይ እንደገና እየፈሰሰ ዓመታት አልፈዋል። ጣት የሚያህል ቅርፊት ሠርቶ ተለጥፏል፤ ቅርፊቱ ሲነሳ ትል ይርመሰመሳል። ቀለም ቀቢው ወንደሰን እንኳ፣ ዕድሜ ልኩን ቲነር ሲያሸት የኖረው ሰውዬ፣ አፍንጫውን በክርኑ ሸፍኖ ወደ በሩ ሸሸ።

የመኪናዋ ሻንሲ፣ ሞተሩም ካቢኑም ጭነቱም የሚያርፍበት ረጅሙ ብረት፣ በግራ በኩል ከካቢኑ ኋላ ለሁለት ተሰብሯል። የተሰበረው ሾፌሩ ዱቤ ዳገቱን ሲወጣ ነው። ዱቤ ደረቱ ከመሪው ጋር ተላትሞ ሁለት ሳምንት ተኝቶ ተነሳ። አሳየች ግን አላዘነችለትም፤ በኔ መኪና ትርፍ በርሜል እየጫነ ለራሱ ሲሸጥ ነው የሰበረው ብላ ጠርጥራዋለች። ዱቤ አንድ በርሜል እንኳ አልጨመርኩም ብሎ በልጆቹ ማለ። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀርቦም አልቆረጥ ሲል፣ ጉደታ አይቶ ይፍረድ ተባለ።

ጉደታ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ባትሪውን አንዴ ቦግ አድርጎ፣ ሽታውን ሸሽቶ ትንፋሹን እንደያዘ ተንሸራቶ ወጣና ሸክም ነው የሰበረው አለ። ሾፌር ሲባል ያው ነው፣ የሰው ብረት አያሳዝነውም ብሎ ጨመረበት። ዱቤ በዚያው ቀን ተባረረ። ከዚያ ወዲህ የአተላ ሌባ የሚል ስም ወጥቶለት፣ መኪና የሚያምነው ጠፍቶ፣ ላምበረት መናኸሪያ የመንገደኛ ሻንጣ እየተሸከመ ነው።

አሳየች ሞተሩ ተቃጥሎ ከቆመ መኪና የወጣ ያገለገለ ሻንሲ ገዛች፤ የሻንሲ ቁጥሩን ጉዳይ ራሷ ቢሮ ለቢሮ ዞራ ጨረሰች። ጉደታ የፒካፗን ካቢን አንስቶ፣ ሞተሩን አውርዶ፣ ባልስትራ የሚባለውን ንብርብር የብረት ሞላ ፈትቶ አሮጌውን ሻንሲ ወደ አጥሩ ጥግ ገፋው። ከዚያ ያመጡትን ሻንሲ ሦስት ቀን ሙሉ ሲፍቅ ከረመ። መጀመሪያ በግራይንደር፣ ቀጥሎ በብረት ብሩሽ፣ ግራይንደሩ በማይደርስበት ስርጓጉጥ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። ዝገት ከቀለም ሥር እንደ ቅማል ተደብቆ ይራባል እያለ፣ የሰው ቆሻሻ እኔ ልልቀም እያለ፣ እየተነጫነጨ ፋቀው። በአራተኛው ቀን ብረቱ ነጣ። ከእንጦጦ የሚወርደው ጉም ራቁቱን ያደረን ብረት በአንድ ሌሊት ስለሚያቀላው፣ አንቲረስት የሚባለው የመጀመሪያ ቀለም በዚያው ቀን መነፋት ነበረበት። ወንደሰን ቀለሙን በጥብጦ ተዘጋጀ።

ያኔ አንድ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ቆራሌ አሮጌውን ሻንሲ ሊወስድ መጣና ካልተቆራረጠ ጋሪዬ ላይ አይወጣም አለ። ጉደታ አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ፣ የሻገተውን ቅርፊት በመዶሻ እያራገፈ ወደ ስብራቱ ተጠጋ። በዚያ ቦታ ብረቱ ሬንጅ ተቀብቷል። ሬንጁን መታ ሲያደርገው የመዶሻው ድምፅ ድፍን አለ። ደገመው። ክንድ የሚያህል የስቱኮ ግግር ከነሬንጁ ተገንጥሎ እግሩ ሥር ወደቀ። ከሥሩ ብረት የለም፤ ዝገት የበላው ቀዳዳ ነው ያለው።

"ወንደሰን፣ ና ጉድ እይ!" ብሎ ተጣራ። የዓመቱ ምርመራ ሲደርስ ዝገቱን ደፍኖ፣ ሬንጅ ቀብቶ፣ ቦሎ አስለጥፎ መላክ በየሰፈሩ ያለ ነውር ነው፤ ግን የሰው ነፍስ በሚሸከም ሻንሲ ላይ ሲሆን የጉደታ አፍ ለከት አጣ። እጁ ይቆረጥ፣ ብየዳ ቤት አጠገብ አይለፍ አለ። "ይኼን የሠራ ሰው ልጅ የለውም" አለ በመጨረሻ፣ አፉን ሞልቶ። ወንደሰንና ቆራሌው ሳቁ፤ ወንደሰን ወደ ቀለሙ ተመለሰ።

ጉደታ ግግሩን በእግሩ ገለበጠው። ስቱኮው ቀዳዳው ላይ እንዲይዝ ከኋላው ወረቀት ተጠቅጥቋል፤ ወረቀቱ ስቱኮውን ጠጥቶ እንደ ላሜራ ደርቋል። የደብተር ቅጠል ነው። በእርሳስ የተጻፉ ትልልቅ ፊደላት ይታያሉ፤ ከላይ በኩል ደግሞ ስም አለ። ፌበን ጉደታ፣ 3ኛ ሐ።

ክው አለ። ፌበን ልጁ ናት፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነች። ሦስተኛ ክፍል የነበረችው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። መኪናዋ ያኔ ነጭ ነበረች፣ ባለቤቷም ሌላ ሰው፤ በማግስቱ ጠዋት ለምርመራ ልትቀርብ ስለነበር ሰውዬው፣ ለነገ ብቻ ሸፍንልኝ፣ ከዚያ አምጥቼ በደንብ ትበይደዋለህ ብሎ ለመነው። ጉደታ ደፈነው። ሰውዬው አልተመለሰም፤ ጉደታም ረሳው። ሊፈርድ ከሥሯ በገባ ዕለት የሸሸው የገዛ እጁን ሥራ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ቢያይ ኖሮ ሬንጁን ያየው ነበር፤ አተላው አስጠልቶት አንድ ሰው አስባረረ።

አጥሩን ተደግፎ አስመለሰው። ቆራሌው አተላው መስሎት አይዞህ አለው።

ስሙን ማንም አላየም። ቶሎ ጫን ቢለው በቂ ነበር፤ ወረቀቱም ግግሩም ከብረቱ ጋር ሄደው ይቀልጣሉ። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ፊት ቆሞ ስለ ንጹሕ እጅ የሚመሰክረው ጉደታ፣ ጋሪውን እያየ ይኼንን በደንብ አሰበበት። ራሱን እንደዚያን ጊዜ ተጸይፎት አያውቅም። ግግሩን አንስቶ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠና ለአሳየች ደወለ። ዱቤን ይዘሽልኝ ነይ አላት።

ከሰዓት በኋላ መጡ። ዱቤ የሸክም ገመዱን ትከሻው ላይ እንዳደረገ በሩ ጋ ቆመ። ጉደታ ግግሩን ለአሳየች ሰጣት።

"ይኼን የደፈንኩት እኔ ነኝ" አላት። "ሸክም አይደለም የሰበረው። ያን ቀን ሽታውን ሸሽቼ በደንብ ሳላይ ነው የፈረድኩት፣ ወይዘሮ አሳየች።"

አሳየች ስሙን አነበበች። ከዚያ ጉደታን አየችው፤ እሱ የሌላ ሰው ሥራ በሚያይበት ፊት አየችው።

"እኔኮ ዱቤን ሽማግሌ ፊት ሌባ ብዬዋለሁ፣ ጋሽ ጉደታ" አለች። "እርስዎን አምኜ።"

ወንደሰን ቀለሙን ማማሰሉን አቆመ። አሳየች ወደ ዱቤ ዞራ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ሽማግሌዎቹንም ራሷ ሰብስባ እንደምታስረዳቸው ነግራው፣ ወደ ሥራው እንዲመለስላት ለመነችው። ዱቤ የሸክም ገመዱን ከትከሻው አወረደ።

"እመለሳለሁ" አለ። "ግን ቀለም ሳይነካው ሻንሲውን እኔ ልየው።"

በጉደታ ጋራዥ ሾፌር ሥራ አይፈትሽም፤ እንኳን ሾፌር፣ ባለንብረትም አይጠጋም። ጉደታ መዶሻውን አቀበለው። ዱቤ ከፊት ጀምሮ በየስንዝሩ እየመታ፣ ጆሮውን እያስጠጋ ሄደ፤ ጉደታ ባትሪ ይዞ ተከተለው። ብረቱ ጥርት ብሎ ጮኸ። ባልስትራው የሚታሰርበት ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ትንሽ ደፈን አለ። ዱቤ መታው፤ ደግሞ መታው።

"ይኼ ልክ አይደለም" አለ። "ይፋቁት።"

እዚያ ቦታ ብረቱ ድርብ ነው። ድርብ ብረት ድምፁ ድፍን ማለቱን ጉደታ ያውቃል፤ ሥራ የጀመረ ሰሞን የተማረው ነገር ነው። ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ዱቤ ዓይን ዓይኑን እያየው ነበር፣ አሳየችም፣ ወንደሰንም። አፉን ዘጋ፤ የብረት ብሩሹን አንስቶ ተንበረከከ፤ ንጹሑን ብረት መፋቅ ጀመረ።

ሲጨርስ ዱቤ ብረቱን እንደገና መታው። "አሁንም ይፋቁት" አለው።