የናታን ትንፋሽ

ማለዳ፣ አዲስ አበባ

ባለፈው ወር ደሴ የሄድኩት ለሁለት ነገር ነው፤ የቀረሁበትን ለቅሶ ልደርስና ፈቃድ ልጠይቅ። ዘፈን የምጽፈውም፣ የማቀናብረውም፣ የምዘፍነውም ራሴ ነኝ፤ ቤቴ ውስጥ፣ በላፕቶፕና በአንዲት ኪቦርድ። የሶል ሙዚቃን ከኤሌክትሮኒክ ፖፕ ጋር እቀላቅላለሁ፤ አሳታሚ የለኝም። ገና ባልወጣው ዘፈኔ ላይ አብሮኝ የሚዘፍነው ጓደኛዬ ናታን ነው። ናታን ከዘጠኝ ወር በፊት ሞተ። ድምፁን ያለ እናቱ ፈቃድ ላወጣው አልቻልኩም።

ምሳ ሰዓት፣ ኮምቦልቻ

ጣርማበርን ወርደን ሸዋሮቢት ስንደርስ ጃኬቴን አወለቅኩ፤ ከሚሴ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ራስ ያዞራል። ኮምቦልቻ ወርጄ ጥብስ አዘዝኩና ግማሹን ተውኩት። ከምግብ ቤቱ ጀርባ ናታን ተከራይቶት የነበረው ክፍል አለ። የቀረጽነው እዚያ ነው፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን፣ የከባድ መኪናው ጩኸት ጋብ እስኪል እየጠበቅን። አሁን በሩ ላይ የማላውቀው ሰው ልብስ ተሰቅሏል። አላንኳኳሁም።

የደሴው ሚኒባስ ሾፌር ጥቁር ነጠላዬን አይቶ "ለቅሶ ነው?" አለኝ።

"አዎ። ግን በጣም ዘግይቻለሁ።"

"መጣሽ አይደል? ግቢ በይ።"

ዳገቱን ስንጨርስ ጃኬቴን መልሼ ለበስኩ።

ከሰዓት፣ ደሴ

የናታን እናት እትዬ ብርቄ የሚኖሩት ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። በር ላይ አቅፈውኝ አለቀሱ።

"ስምንት ወር ሙሉ የት ነበርሽ?"

"ፈርቼ ነው። ልጄን ዘፈን ውስጥ የከተትሽው አንቺ ነሽ ይሉኛል ብዬ።"

አላስተባበሉም። ጴንጤ ናቸው፤ ናታንም ያደገው መዘምራን መሃል ነው። ዘፈን ሲጀምር "የዓለም ዘፈን ቤቴ አይገባም" አሉት፤ አንዱንም ሳይሰሙለት ሞተ። አሁን ግን ሻሻቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው፣

"እስቲ አሰሚኝ። ጌታ ይቅር ይበለኝ" አሉ።

ማዳመጫውን አደረግኩላቸው። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሱም።

"ድምፁ የሱ ነው" አሉ። "ትንፋሹስ?"

"የምን ትንፋሽ?"

"ከመጀመሩ በፊት አየር ሲስብ ሲር ይል ነበር እኮ። ያ የገደለው አስም። ጓዳ ሆኜ ሲዘምር መጀመሪያ የምሰማው እሱን ነው።"

እኛ አቀናባሪዎች የተቀረጸ ድምፅ ስናጸዳ ትንፋሹን ቆርጠን እንጥላለን፤ ዘፈኑ ጥርት እንዲል። የናታንን አንድ በአንድ ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ኮርቼበትም ነበር። እሱ ራሱ ሰምቶት "አዳንሽኝ እኮ" ብሎ ስቋል።

"ቆርጬዋለሁ፣ እትዬ።"

"እንግዲያው መልሺው፣ ልጄ። ከዚያ ዘፈኑን እንደፈለግሽ አድርጊው።"

ያልተቆረጠውን ቅጂ ቤቴ ገብቼ እንደምፈልግ ነግሬያቸው ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ይገኛል፣ አይገኝም እያልኩ ተጓዝኩ።

መልስ፣ አዲስ አበባ

ሻንጣዬን ሳልፈታ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ፍላሹን፣ የድሮ ስልኬን፣ ሁሉንም በረበርኩ። የመጀመሪያውን ቅጂ ቦታ ሞላብኝ ብዬ አጥፍቼዋለሁ። ያኔ ናታን በሕይወት ነበር፤ ካስፈለገ ደግመን እንቀርጻለን ብዬ ነበር። ከእንግዲህ የማንንም ትንፋሽ አልቆርጥም። ይህን ነው የተማርኩት፤ ለናታን ግን አይሆንለትም።

በማግስቱ ደውዬ እውነቱን ነገርኳቸው። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "እትዬ?" አልኩ።

"አለሁ" አሉ። "ለሰውም አውጪው። ለኔ እንዲሁ ላኪልኝ። አየር የሚስብበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ እኔ እተነፍስለታለሁ።"