ለፋሲካ በግ የጥምቀት ሰላምታ

ጎረቤቴ ስርጉት በስልኳ በግ ትሸጣለች። ውጭ አገር ያለ የደብረ ታቦር ልጅ ለእናት ለአባቱ የበዓል በግ ሲፈልግ ከገጿ ላይ ይመርጣል፣ በካርዱ ይከፍላል፤ እሷ ደግሞ ከጉና ተራራ የወረደውን በግ በባጃጅ ጭና ቤታቸው ታደርሳለች። በጉ አንገቱን አውጥቶ መንገዱን ሲቃኝ ለጉብኝት የመጣ ባለሥልጣን ይመስላል።

ጭንቋ ክፍያው ነበር። የውጭ ካርድ መቀበል የምትችልባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ወይ እዚሁ ከባንክ ጋር ተዋውላ በራሷ ስም፣ ወይ ካናዳ ያለው ወንድሟ ውባንተ በስሙ በከፈተው ሒሳብ። ባንኩ ፈቃድ፣ ማኅተምና ምልልስ ይጠይቃል። ወንድምም ቢሆን የሰው ስም የሰው ነውና «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» ብያት ነበር። አልሰማችኝም፤ የወንድሟን መንገድ መረጠች። እሱም ሁሉም ነገር ያለ ሰው እጅ እንዲሄድ አድርጎ አስተካከለላት፤ ገንዘቡ በየሳምንቱ ወደ እሷ ይመጣል፣ በካርድ ክፍያ በገባ ቁጥር ደግሞ ለገዢውም ለእሷም የምስጋና መልእክት ይደርሳል። መልእክቱን ውባንተ በየበዓሉ ራሱ ይለውጠው ነበር። በጥር «እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሳችሁ። ውባንተ» ይል ነበር።

ጥር አለፈ፣ ጾሙ ገባ፤ መልእክቱ አልተለወጠም። ስትደውል ስልኩ አይነሣም። ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ሆዷ ገፍቷል። አጎቷ አቶ ደሳለኝ «ትናንት ለእኔ ደውሎልኝ ነበር፤ ሥራ በዝቶበት ነው፣ ሰላም ብሎሻል» ይሏታል። እኚህ ካርድ ሲባል የቀበሌ መታወቂያ የሚመስላቸው ሽማግሌ ድንገት የክፍያ አዋቂ ሆኑ።

«ልጄ፣ ባንኩ ይሻልሻል። በራስሽ ስም አድርጊው» አሏት አንድ ቀን እኔ ባለሁበት።

«አጎቴ፣ አንቱ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ይኼን የሚያውቁት? ውባንተ ሳይፈቅድ አልነካውም።»

«እሱማ… ይፈቅዳል» ብለው አንገታቸውን ደፉ። 

ፋሲካ ሲደርስ ትእዛዝ ጎረፈ። ለእያንዳንዱ የፋሲካ በግ የጥምቀት ሰላምታ ይገባል። ገዢዎች «ውባንተ በዓሉ ጠፋበት» እያሉ ይሥቁ ነበር። ስርጉት አትሥቅም። መልእክቱን ታነብባለች፣ ስልኩን ደረቷ ላይ ታደርጋለች፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ትእዛዝ ታልፋለች። ይህ ነገሯ ያስፈራኝ ጀመር። አንድ ቀን የባንኩ ሠራተኛ ራሱ ወረቀቱን ይዞላት መጣ፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር። እስክሪብቶውን መለሰችለት።

«አልችልም። ሰው ውጭ ቆሞ በር የምዘጋበት ይመስለኛል» አለችው።

ወንድ ልጅ ወለደች። ክርስትና በተነሣ ማግስት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ የእኔ በር ተንኳኳ። አቶ ደሳለኝ ከዘመዶቻቸውና ከንስሐ አባቷ ጋር ቆመዋል። ውባንተ ጥምቀት እንዳለፈ ሞቷል። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርምና ሁሉም ደብቀዋት ከርመዋል። ለእኔ ያልነገሩኝ አፌን ስለሚያውቁት ነው። ተናደድሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ይህን ልማድ አልወደውም!

ተከትያቸው ሄድሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ መብራት በርቷል። ስርጉት ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ማንም አስቀድሞ ትንፍሽ አላላትም ነበር። 

«ግቡ» አለች። «ክርስትናውን እንደምትጠብቁ ዐውቅ ነበር። ውባንተ ፋሲካን አይረሳም፤ መልእክቱ ሳይለወጥ ሲቀር ነው መሞቱ የገባኝ።»

አቶ ደሳለኝ ገብተው ከአጠገቧ ተቀመጡ። «ታዲያ ልጄ፣ ባንኩን ለምን እንቢ አልሽ?»

«በግ በተሸጠ ቁጥር ስሙን ጽፎ ይልክልኝ ነበር። ያን ወረቀት ብፈርም የምገድለው እኔ መሰለኝ።» ልጁን ለእኔ አቀበለችኝ። «እናንተ ለእኔ ብላችሁ ዝም አላችሁ፣ እኔም ለእናንተ ብዬ ዝም አልኩ። አሁንስ ላልቅስ?»

«አልቅሺ፣ ልጄ» አሉ አቶ ደሳለኝ፤ እሳቸው ግን ቀድመዋት ጀምረው ነበር።