ከደመናው በላይ

ሰሞኑን እንግሊዝኛ ስለገባኝ ክፍል ውስጥ ሳልጠየቅ መመለስ ለምጃለሁ። ቲቸር "ስካይ የሚለው ቃል ከየት መጣ?" ሲለን፣ ትምህርቱን ሊከታተል የመጣ የደርግ ካድሬ ከኋላ ተቀምጦ እያለ ብድግ ብዬ፣ "ድሮ ደመና ማለት ነበር፤ የሰሜን አገር ባሕረኞች ናቸው ለእንግሊዞች ያመጡላቸው" አልሁ።

"ጎበዝ። ከደመናው በላይስ ማን አለ?" አለኝ ካድሬው።

አባቴ ቄስ ናቸው፤ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ፈራሁና "ማንም የለም፣ ጓድ" አልሁ። አስጨበጨበልኝ።

ምነው ዝም ባልሁ እያልሁ በጣና ዳር ወደ ቤት ስሄድ ካድሬው ከኋላ ደረሰብኝ።

ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እናቴ በጠና ታማብኛለች። አባትሽ በቅዳሴ እንዲያስቧት ንገሪልኝ፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው።"