ቁም የሚለው ሣጥን

የፋብሪካው ሰዎች "ሰዓሊዋ" ይሏታል። ማሽኑ ምን ማድረግ እንዳለበት በሣጥንና በቀስት ግድግዳ ላይ ትሥላለች፤ ውረድ፣ ድገም፣ ቁም። ሥዕሉን እያየ ኮድ የሚጽፈው የቢሮ ጓደኛዋ ነው። ከቆርቆሮ የድስት ክዳን የሚያወጣውን ፕሬስ ደግሞ ሃያ ዓመት ያሠራው ያሳደጋት አጎቷ ነበር።

አንድ ጠዋት ቆርቆሮው ተጣመመ። አጎቷ የፕሬሱን መከለያ ከፈተ፤ ስክሪኑ "ቆሟል" አለው። እጁን ሰደደ። ስክሪኑ የተናገረው ሥዕሉን ነበር፤ ብረቱ የሚሰማው ግን ኮዱን ነው፤ ኮዱ ውስጥ መከለያው ሲከፈት ወደ "ቁም" የምትወስደው ቀስት ተረስታለች። ብረቱ ወረደ። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ከክዳኑ ጋር ተጨፈለቁ።

በወሩ መዶሻ ይዞ መጣ። ስክሪኑን አደቀቀው። ቢሯቸው ገብቶ ኮድ ጸሐፊውን አፍንጫውን በቡጢ አለው፤ ደሙ ኪቦርዱ ላይ ተንጠባጠበ።

"ማነው የዋሸኝ? አንተ ነህ ወይስ የሷ ሥዕል?"

"ሥዕሉ ትክክል ነበር" አለች ከተደበቀችበት ጠረጴዛ ሥር።

"ትክክል! እንግዲያው ጣቶቼን እዚያ ላይ ለጥፊያቸው!"

በማግስቱ ግድግዳውን ነጭ ቀባችው። ሥዕሉን ኮምፒውተር ላይ አወጣችው፤ ከጓደኛዋ ጋር ሆነውም ማሽኑ ከሥዕሉ ሌላ ትእዛዝ እንዳይኖረው አደረጉ። የተሣለውን ይታዘዛል፣ ያልተሣለውን አያውቅም። የደረሰበት ሣጥን ይበራል። በእጅ ፈንታ ጓንት ያለበሱትን እንጨት ከብረቱ ሥር አስገብተው ሞከሩ። በሦስተኛው ሙከራ እንጨቱ ተፈረከሰ፤ የበራው "ድገም" ነበር፣ ከሱ ወደ "ቁም" የሚሄድ ቀስት የለም። እዚያው ሣለችው። ከዚያ ስልሳ ጊዜ ደገሙት፤ አንድም አልተሰበረም።

አጎቷን ወደ ሥራው እንዲመለስ ለመነችው። መጣ፤ ፕሬሱን ዞር ዞር ብሎ አየው።

"እንጨት አይጮህም" አለ።

"አጎቴ፣ እመነኝ።"

"አንቺስ ታምኚዋለሽ? ነይ እስቲ!"

አዝራሩን በክርኑ መታ። ብረቱ ሲወርድ መከለያውን በግራው በረገደና የእጇን አንጓ በቀሩት አውራ ጣትና ማርያም ጣት ቆልፎ እጇን ከሥሩ አስገባው። ጓደኛዋ ከኋላ አንገቱን አነቀው።

"ልቀቃት! አብደሃል እንዴ!"

አልለቀቃትም። ብረቱ ከጥፍሮቿ አንድ ጣት ከፍ ብሎ ቀጥ አለ። "ቁም" ቀልቶ በራ።

እጇን መንጭቃ ያሳደጋትን ሰው በጥፊ አጮለችው። እሱም ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

"የጠዋቱ ፈረቃ አሁንም በአንድ ሰዓት ነው?" አላት ጉንጩን ይዞ።

"በአንድ ሰዓት ነው" አለች እያለቀሰች።

የሁለት ጣት ሰንበሩ ከአንጓዋ ላይ ሳምንት ሙሉ አልጠፋም።